ሃያ ሁለት ዜሮ

ሊቶማ ወደብ
ጃንዋሪ 20

ለእህቴ ልጅ ለናሉኩዊ፤

ይህ ወረቀት ወንዙንና ድንበሩን አልፎ እጅሽ ሲገባ ጤነኛ ሆነሽ ያግኝሽ። እኔ ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናት። ከብቶቹ ከነጫጭባዋ ጊደር በቀር ደህና ናቸው፤ እሷም ሣር መቅመስ ጀምራለች።

ደብዳቤሽ በአሥራ አንደኛው ቀን ደረሰኝ። ራስጌው ላይ «ሰኞ፣ ዲሴምበር 31» ብለሽ ጽፈሻል። እሑድ ነበር። በቀይ አስምሬበታለሁ። አምስተኛ ክፍል ሳስተምርሽ እንዲህ አልነበርሽም።

ስለ ሥራዬ ጠይቀሽኛል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ወደ ወደቡ እወርዳለሁ። ካቻምና አንድ የጭነት ጀልባ የወንዙን ከፍታ መለኪያ ሰሌዳ ገጭቶ ስላጋደለው በወደቡ ግንድ ላይ ሚስማር መትቼ በማስመሪያ እለካለሁ። አዲስ ሰሌዳ እስኪተከል የወንዙ ቢሮ «ሙሉ ከፍታውን ተዉት፤ ከትናንት የጨመረውን ወይም የቀነሰውን ብቻ ላኩ» ብሎናል። ስለዚህ በደብተሬ እጽፍና ኔትወርክ የሚገኝበት ኩይሳ ላይ ወጥቼ በሞባይል እልካለሁ። 0.03 ካልኩ ውሃው በሦስት ሴንቲሜትር ከፍ ብሏል ማለት ነው። የእናንተ መሥሪያ ቤት ፕሮግራም የየቀኑን እየደመረ መስመር እንደሚስል ነግረሽኛል። ጥሩ ነው።

እናትሽ መስመርሽን በሲትዋላ ሞባይል ካየች ወዲህ በመንደሯ በናንጉላ ጉብታ ላይ ሰው አላስቀምጥ ብላለች። ጎረቤቷን ሲትዋላን ታስታውሺዋለሽ፤ ጉብታው ላይ ሥዕል የሚቀበል ሞባይል ያለው እሱ ብቻ ነው። ዓርብ ዓርብ ሪፖርቱ ሲመጣ ሁሉም ይሰበሰባል። ባለፈው እኔም እዚያ ነበርኩ። እናትሽ «ይቺ መስመር የልጄ እጅ ናት» አለች። የሲትዋላ ሚስት ሙሶሌ ሕፃኗን እንዳዘለች ጎንበስ ብላ አየችና «ታዲያ ለምንድን ነው ብቻዋን የተጋደመችው? እንደ ሠሪዋ ባል አጥታ ነው?» ብላ ጉብታውን በሳቅ ገደለችው። እናትሽም ሳቀች፤ ከዚያ ግን ሦስት ቀን አኮረፈቻት።

ዓምና ውሃው አንሶ «ከሜዳው ውጡ» የሚለው የንጉሡ ከበሮ እንኳ ሳይመታ ቀርቷል። ዘንድሮም ሰው የሚጠብቀው ያንኑ ነው። ከሜዳው ወደ ደጋው ጠርዝ ለመሸጋገር የተዘጋጀ የለም።

የምጠይቅሽ አንድ የዝናብ ካፖርት ብቻ ነው። መነጽር ልላክልዎ ያልሽው ይቅር። ዓይኔ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው፤ በማስመሪያው ላይ ግን ሚሊሜትሯን ይለያል።

አንድ ነገር ግን ልጠይቅሽ። እኔ የምልከው ቁጥር ከፍ ዝቅ ይላል። የአንቺ መስመር ግን አይንቀሳቀስም። ለምን?

አጎትሽ ሊስዋኒሶ


ፕሪቶሪያ
ፌብሩዋሪ 4

ለምወድዎ አጎቴ፤

ሰላምታዬ ከእግርዎ በታች ይድረስ። እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ። ቀኗን ስለ መሳሳቴ ሳነብ ቢሮ ውስጥ ብቻዬን ሳቅኩ፤ ቀይ ቀለምዎ እስከዚህ ይደርሳል።

ስለ መስመሩ የጠየቁት ጥሩ ጥያቄ ነው። በፊት ይንቀጠቀጥ ነበር፤ የሰካራም ፊርማ ይመስል ነበር። ስብሰባ ላይ ትልልቆቹ አይተው «ይህ ወንዝ ነው ወይስ የልብ በሽተኛ?» ብለው ሳቁብን። ቅዳሜና እሑዴን ሰውቼ እኔ ራሴ አስተካከልኩት። ከነጥቡ በኋላ አንድ ቁጥር ብቻ እንዲይዝ አደረግኩ፤ ትርፍራፊው ሁሉ ጠፋ፤ መስመሩ ንጹሕ ሆነ። አለቃዬ በሰው ሁሉ ፊት አመሰገነኝ። እዚህ ከመጣሁ ሁለት ዓመቴ ነው፤ ስሜን አስተካክሎ ሲጠራ ያ የመጀመሪያው ነበር።

ካፖርቱን ወደ ሞንጉ ከተማ ለሚመጣው አውቶቡስ ሹፌር ሰጥቻለሁ። ቁጥርዎን ከጠዋቱ አንድ ሰዓት በፊት ቢልኩልን ጥሩ ነው። ለሙሶሌ፣ ባሌን ካገኘሁት ለእሷም ታናሽ ወንድሙን አመጣላታለሁ በሉልኝ።

እናቴን ሳሙልኝ።

ልጅዎ ናሉኩዊ


ሊቶማ ወደብ
ፌብሩዋሪ 17

ለናሉኩዊ፤

ሰላም ላንቺ ይሁን። ሰላምታውን አሳጥሬዋለሁ፤ ጉዳዩ ስለሚቸኩል ነው።

የፌብሩዋሪ 4 ደብዳቤሽ ትናንት ገባ፤ ካፖርቱም አብሮ። ደብዳቤሽን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከዚያ ደብተሬን አወጣሁ። ከፌብሩዋሪ 10 እስከ 16 የላክሁት ይኸውልሽ፦ 0.03፣ 0.04፣ 0.04፣ 0.03፣ 0.04፣ 0.02፣ 0.04። ድምሩ 0.24 ነው። ወንዙ በሰባት ቀን አንድ ስንዝር ከፍ ብሏል። የትናንቱ የዓርብ ሪፖርት ግን «ለውጥ የለም» ይላል።

ምክንያቱን አሁን አውቄዋለሁ። ፕሮግራምሽ የእያንዳንዱን ቀን ቁጥር መጀመሪያ ያጠጋጋዋል፤ ከ0.05 በታች የሆነውን ሁሉ ዜሮ ያደርገዋል። ከዚያ ዜሮዎቹን ይደምራል። ሰባት ዜሮ ቢደመር ዜሮ ነው። ውሃው በቀን አራት አራት ሴንቲሜትር እያለ ጣሪያ ቢደርስ መስመርሽ አይነቃም። ናሉኩዊ፣ ይህን እኔ ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፌልሻለሁ። «መጀመሪያ ደምር፤ መጨረሻ ላይ አጠጋጋ።» ሁለተኛ ረድፍ ላይ፣ ከመስኮቱ ጎን ነበርሽ።

ትናንት ኩይሳው ላይ ወጥቼ ደወልኩልሽ። «አጎቴ፣ ስብሰባ ላይ ነኝ፤ ይጻፉልኝ» አልሽኝ። ስለዚህ ይኸው እጽፋለሁ። ለወንዙ ቢሮም ደውያለሁ፤ «ስለ ፕሮግራሙ ቅሬታ ካለ ለሠሪዎቹ ነው» አሉኝ። ሠሪዋ አንቺ ነሽ።

ሜዳችንን ታውቂዋለሽ፤ እንደ ሰሌዳ ጠፍጣፋ ነው። አንድ ስንዝር ውሃ በሌላ አገር የእግር ጣት ያርሳል፤ እዚህ የግማሽ ቀን መንገድ ይሸፍናል። ፌብሩዋሪ 9 እናትሽን ልጠይቅ ሄጄ ከደጃፏ ድንጋይ እስከ ውሃው ገጽ ለክቻለሁ፦ 0.90። አሁን የቀራት 0.66 ነው።

ሸክላ የሚጭን ጀልባ አግኝቼ «ዕቃሽን አስሪና ውጪ» ብዬ ላክሁባት። ባለ ጀልባው መልሷን ቃል በቃል አመጣልኝ፦ «ለወንድሜ እንዲህ በለው፤ ይህ ውሃ የሰማይ ነው እንጂ የወንዙ አይደለም። ዝናብ ያቆረው ነው፤ በሳምንት ይሰርጋል። ወንዙ ተኝቷል፤ የልጄ መስመር ይመስክር። አንተ ግን አርጅተሃል፤ ማስመሪያህን ገልብጠህ ይዘህ እንዳይሆን።»

ሰውም እሷን ሰምቶ ተቀምጧል።

መስመሩን አርሚ። ለዚህ ስብሰባ አያስፈልግም፤ የጠፋውን ቁጥር መመለስ ብቻ ነው።

ሊስዋኒሶ


ፕሪቶሪያ
ማርች 1

ለምወድዎ አጎቴ፤

ጤናዎን፣ ዕድሜዎን፣ ዓይንዎን አምላክ ይጠብቅልኝ።

ደብዳቤዎ ማክሰኞ ደረሰኝ። ሒሳብዎ እንደ ሁልጊዜው ልክ ነው። ግን እንዳይጨነቁ ብዬ ነገሩን ላስረዳዎ። ይህ ሪፖርት ለአንድ ወደብ የተሠራ አይደለም፤ ከላይ እስከ ታች አርባ ሦስት መለኪያዎች አሉበት። ከሰፊው ወንዝ አንጻር ሁለትና ሦስት ሴንቲሜትር የማይታይ ነገር ነው። እኛ ጫጫታ እንለዋለን። ትልቅ ጎርፍ ከመጣ መስመሩ መነሳቱ አይቀርም።

ቢሆንም ለቡድኑ አቀርበዋለሁ። አሁን የወሩ ሒሳብ መዝጊያ ስለሆነ ሁሉም ሰው ተወጥሯል። ለአለቃዬ ሁለት ጊዜ ልነግረው ፈልጌ ፊቱ አላማረኝም። ያን መስመር ያመሰገነው በሰው ፊት ነው፤ በሰው ፊት ልመልሰው ይከብዳል። በመጪው ሳምንት ስብሰባ አለን፤ ያኔ አነሳዋለሁ።

እናቴን ለጥንቃቄ ያህል ትውጣ በሏት። እኔም በሲትዋላ ስልክ ልደውልላት ሞክሬ ነበር፤ አይነሳም። አይደለም እንጂ ቢሆንስ፣ እሷ ውሃ ታውቃለች። ከእኛ ሁሉ የበለጠ ታውቃለች።

በሚቀጥለው አውቶቡስ ሻይና ሳሙና እልካለሁ። ሌላ የሚያስፈልግዎ ካለ ይጻፉልኝ።

ልጅዎ ናሉኩዊ


ደጋው ጠርዝ፣ ከሊቶማ በላይ
ማርች 14

ለናሉኩዊ፤

እናትሽ በሕይወት አለች። ይህን አስቀድሜ የጻፍኩት ቀሪውን እንድታነቢ ነው።

ውሃው ከፌብሩዋሪ 10 እስከ ማርች 3 በየቀኑ ጨመረ። አንድም ቀን 0.05 አልደረሰም። ሃያ ሁለት ቀን ነው፤ ድምሩ 0.79። በአንቺ ሪፖርት ሃያ ሁለት ዜሮ። የማርች 2 ሪፖርት ዓርብ ደረሰ፤ መስመሩ ተጋድሞ ነበር። ሲትዋላ እንደነገረኝ ወንዶቹ በዚያው ዕለት ከአራቱ ታንኳዎች ሁለቱን ይዘው ዓሣ ለማጥመድ ወደ ታች ወረዱ። መስመሩ ባይተኛ ኖሮ አይሄዱም ነበር።

እሑድ ማርች 4 ላይኛው አገር የዘነበው ደረሰ። በአንድ ቀን 0.31። ደምሪው፦ 1.10። የእናትሽ ደጃፍ 0.90 ነበር። ሰው ቁርሱን እየበላ ሳለ ውሃ በደጃፍ ገባ።

ጉብታው ላይ ሃያ ስድስት ሰው ነበር፤ ሁለት ታንኳ። ሲትዋላ አዛውንቶቹን ይዞ ቀደመ። ሙሶሌ ሕፃኗን አዝላ፣ የአራት ዓመቷን ልጅዋን ከፊት አስቀምጣ፣ ሁለት ጆንያ እህል ጭና በሁለተኛው ወጣች። ጆንያዎቹን ያስጫነቻት እናትሽ ናት። «ቸኩለሽ ባዶሽን አትሂጂ፤ ይህ ውሃ ነገ ይሸሻል፤ ምን ልትበሉ ነው?» አለቻት። የድሮው ቦይ ጋ ሲደርሱ ታንኳው ተገለበጠ። የአራት ዓመቷን ልጅ ሸምበቆ ይዛ አገኟት። ሙሶሌንና ሕፃኑን በሦስተኛው ቀን አገኘናቸው። ያዘለችበት ጨርቅ አልተፈታም ነበር።

ያንን ቀልድሽን አድርሼላት ነበር። «ወንድሙ ቁመቱ ስንት ነው?» ብላ ጠይቃለች። መልሱን ላንቺ አቆይቼው ነበር።

አሁን ስለ እንጨቶቹ ልንገርሽ። እናትሽ ከፌብሩዋሪ 10 ጀምሮ በየማለዳው በውሃው ዳር እንጨት ትተክል ነበር፤ እናታችን ታደርገው እንደነበረው። ሳትነቅል በማግሥቱ ሌላ። በእያንዳንዱ ላይ የቀኑን ቁጥር ያህል በቢላ ትቆርጣለች፤ በመጀመሪያው አንድ፣ በመጨረሻው ሃያ ሁለት። እንጨቶቹ አንድ በአንድ ሲሰጥሙ አይታለች። ለምን አልወጣሽም ብዬ ጠየቅኳት። «እንጨቱ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ ብዬ ነው» አለችኝ። ከዚያ «ዓይኔን ካመንኩ ልጄን ውሸታም ላደርጋት ነው» አለች።

የማርች 1 ደብዳቤሽ ከትናንት በስቲያ፣ ከቀብሩ በአራተኛው ቀን ደረሰኝ። ደብዳቤዬ ማክሰኞ እንደደረሰሽ ጽፈሻል። ሪፖርቱ የወጣው ዓርብ ነው። በመሃል ረቡዕና ሐሙስ አሉ።

የምጠይቅሽ አንድ ብቻ ነው። ሻይና ሳሙና አይደለም። ይህን ስህተት የሠራው ማን እንደሆነ በስም ጽፈሽ ለቢሮው ላኪ።

ሊስዋኒሶ


ፕሪቶሪያ
ኤፕሪል 9

ለአጎቴ ለመምህር ሊስዋኒሶ፤

ለሟቾቹ ዕረፍትን፣ ለቀራችሁት ብርታትን ይስጥ።

ሁለት ሳምንት ብዕር አነሳሁ፤ አስቀመጥኩ። የሙሶሌን ነገር መጻፍ አልችልም። አንድ ዓመት አብረን አንድ ወንበር ላይ ተምረናል፤ ያውቃሉ።

መስመሩ ታርሟል። ከማርች 19 ጀምሮ መጀመሪያ ይደመራል፤ ከዚያ ይጠጋጋል። ይህን ያስደረግኩት እኔ ነኝ፤ ቢያንስ ይህን ይወቁልኝ።

አሁን ከሌላ ሰው ሳይሰሙ ልንገርዎ። ድርጅቱ ለወንዙ ቢሮ ስለ አደጋው ማብራሪያ ልኳል። ማብራሪያው «ከሊቶማ ወደብ አንባቢ የተላኩ ቁጥሮች አስተማማኝ አልነበሩም፤ መለኪያው የተጋደለ፣ አንባቢውም በዕድሜ የገፉ ናቸው» ይላል። ያንን ዓረፍተ ነገር እኔ አልጻፍኩትም። ግን አገሩን የማውቀው እኔ ነኝ ተብሎ ስሜ ከታች ገብቷል። ፈርሚ ሲሉኝ ፈረምኩ። አጎቴ፣ ውሌ በጁላይ ያበቃል፤ የመኖሪያ ፈቃዴ በውሉ ላይ የተንጠለጠለ ነው። ይህ ሲያልፍ አስተካክለዋለሁ።

ከነጥቡ በኋላ አንድ ቁጥር ይሁን የተባለው በቡድኑ ውሳኔ ነው። አንድ ሰው ብቻ የሚጠየቅበት ነገር አይደለም።

የአገር ሽማግሌዎቹ ሸንጎ ጉዳዩን ሊያይ ነው ሲባል ሰምቻለሁ። እባክዎ ደብተሩን ለማንም አያሳዩ። ለእኔ ይላኩልኝ፤ ከኮምፒዩተሩ ጋር አመሳክሬ ትክክለኛውን ራሴ አቀርባለሁ። ኮፒ ሳይሆን ዋናውን።

እናቴ ደብዳቤ አትልክልኝም። ምን አደረግኳት?

ልጅዎ ናሉኩዊ


ደጋው ጠርዝ
ኤፕሪል 28

ለናሉኩዊ፤

ሰላም ይድረስሽ።

የወንዙ ቢሮ አሰናብቶኛል። አንድ ሰው በሞተር ብስክሌት መጥቶ ካፖርት፣ ማስመሪያና ሞባይል አስረክብ አለኝ። ካፖርቱ የግሌ ነው ብዬ አስቀረሁት። ማስመሪያውም የግሌ ነበር፤ ግን አልተከራከርኩም።

«እናቴን ምን አደረግኳት» ብለሽ ጠይቀሻል። እናትሽ ውሃ ልትቀዳ ስትወርድ ሴቶቹ እንስራቸውን አንስተው ይሄዳሉ። አይሰድቧትም። ተራዋን ይለቁላታል፤ ብቻዋን ትቀዳለች። በቀደም ለት የሙሶሌ እናት ብቻ ቆማ ጠበቀቻትና «ናማካኡ፣ ዛሬስ መስመሩ ምን ይላል?» አለቻት። እናትሽ እንስራዋን ባዶውን ይዛ ተመለሰች።

ደብዳቤሽን አነበብኩላት። «ቡድኑ» የሚለው ጋ ስደርስ «ድገመው» አለች። ደገምኩት። ከዚያ እንዲህ ተባባልን፤ እንዳለ እጽፈዋለሁ።

«ደብተሩን ስጣት» አለች።

«ደብተሩ የኔ ምስክር ነው።»

«አንተ ጡረተኛ ነህ። ምን ይወስዱብሃል? እሷን ግን ከዚያ ካባረሯት ወዴት ትመለሳለች? እዚህ? ከሙሶሌ እናት ጋር ውሃ ልትቀዳ?»

«ናማካኡ፣ ሠላሳ አራት ዓመት ሳስተምር ለማንም ያልሠራውን ማርክ አልሰጠሁም። ለአንቺም ልጅ አልሰጠሁም።»

«አውቃለሁ» አለች። «በስድስተኛ ክፍል በአንድ ማርክ ጥለሃታል። ሳምንት አልቅሳለች። አሁን ያንን አንድ ማርክ መልስላት።»

ስለዚህ ደብተሩን ከዚህ ጋር ልኬልሻለሁ፤ ዋናውን፣ እንዳልሽው። ኮፒ የለኝም። በውስጡ አንድ ወረቀት ታገኛለሽ፤ የፌብሩዋሪ 4 ደብዳቤሽ ነው። እዚያ ላይ «እኔ ራሴ አስተካከልኩት» ይላል። የኤፕሪሉ «ቡድኑ» ይላል። ሁለቱን በልብሽ ጎን ለጎን አስቀምጠሽ አመሳክሪ።

ሸንጎው ሜይ 22 ይቀመጣል። ሹፌሩ በሁለት ሳምንት መልሶ ሊያደርሰው ይችላል። ደብተሩ ከተመለሰ አቀርበዋለሁ፤ እናትሽም ብታለቅስ። ካልተመለሰ አላቀርብም። ይህን ፈተና የምታርሚው አንቺ ነሽ።

ሊስዋኒሶ


ፕሪቶሪያ
ሜይ 11

ለምወድዎ አጎቴ፤

ጤናዎ እንዴት ነው? ደብተሩ በደህና ደርሶኛል። እጅ ጽሑፍዎ ዛሬም እንደ ሰሌዳው ነው፤ አንድም ስርዝ የለበትም።

መልሼ ልልከው ነበር። ግን መንገዱ አያስተማምንም፤ አውቶቡስ ውስጥ ዕቃ ይጠፋል። እኔ ዘንድ ቢቆይ ይሻላል ብዬ በመሳቢያዬ ቆልፌበታለሁ።

ከዚህ ጋር መነጽር ልኬልዎታለሁ። ጥሩ መነጽር ነው፤ ሐኪሙ ለእርስዎ ዕድሜ የሚስማማውን መርጦልኛል። ሸንጎ ፊት ሲቀርቡ ያድርጉት።

እናቴን ሳሙልኝ።

ናሉኩዊ


ናንጉላ ጉብታ
ጁን 24

ለናሉኩዊ፤

ሰላም ለቤትሽ ይሁን። እኔና እናትሽ ወደ ጉብታው ተመልሰናል። ሌላው ሰው እስከ ጁላይ አይመለስም፤ ሜዳው ገና ውሃ ነው። እናትሽ ግን ደጋው ላይ መቆየት አልቻለችም። እኔም ሥራ ስለሌለኝ ታንኳውን ቀዝፌ አመጣኋት። ቤቱ ግማሹ ፈርሷል፤ ጣሪያው አለ።

ሸንጎው እንዴት እንደሆነ ሳትጠይቂ ልጻፍልሽ። መነጽሩን አድርጌ ቀረብኩ። በመነጽሩ ሰው ሁሉ ደብዝዞ ይታየኛል፤ የሲትዋላን ፊት ባለማየቴ ተመችቶኛል። የሸንጎው አለቃ «መምህር፣ የላኩት ቁጥር ትክክል ነበር ወይስ አልነበረም?» ብሎ ጠየቀኝ። «ዓይኔ ሰባ አንድ ዓመቱ ነው» አልኩ። ይህ እውነተኛ ዓረፍተ ነገር ነው። እነሱ እንደ መልስ ወሰዱት፤ እኔም ተውኩት።

ሲትዋላ ተነሳ። ተማሪዬ ነበር። የተረፈችውን ልጁን በእጁ ይዟል። «መምህር» አለኝ፤ «እኔ በልጅነቴ አንዲት ነጥብ ቦታዋን ብትስት አርባ ጊዜ አስጽፈውኛል። ዛሬ ለራስዎ ስንት ጊዜ ያዛሉ?» ማንም አልሳቀም። ሸንጎው አዛውንት በመሆኔ ይቅር ብሎኛል። አንድ በሬ ለሲትዋላ እንድሰጥ ፈረዱ፤ ሰጥቻለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ «መምህር» ብሎ የሚጠራኝ የለም፤ «ሽማግሌው» ይሉኛል። ሁለቱም እውነት ናቸው።

ለካ ከደብተሩ ሌላም ምስክር ነበር። ውሃው መሸሽ ከጀመረ ወዲህ የእናትሽ እንጨቶች እየወጡ ነው። ቆመዋል፤ አንዱም አልሰመጠም። በመጀመሪያ ሃያ ሁለት ቁርጥ ያለበት ከደጃፉ በታች ወጣ። ቀጥሎ ሃያ አንድ። ከዚያ ሃያ። ከበሩ ተነስተው ቁልቁል ወደ ቦዩ በአንድ መስመር የተተከሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ከቀጣዩ በትንሽ በትንሹ ከፍ ብሎ። የሸንጎው ሰዎች በጁላይ መጀመሪያ ጎርፉ ጉብታው ላይ ያደረሰውን ጉዳት ሊያዩ ይመጣሉ። ፊደል የማያውቅ እንኳ ቢሆን ቆሞ ቢያያቸው ወንዙ በየቀኑ ሲወጣ እንደነበረ፣ እኔም ማስመሪያዬን እንዳልገለበጥኩ ይገባዋል። አንቺ ከሳልሽው ሁሉ የሚበልጥ ግራፍ ነው።

እናትሽ በየማለዳው ትወርዳለች። አዲስ የወጣውን ትነቅላለች፤ ጭቃውን ታጥባለች፤ ጣሪያው ላይ ታደርቀዋለች። እኔ አልረዳትም፤ አልከለክላትምም። ዛሬ ዘጠነኛው ወጥቷል። ውሃ ውስጥ የቀሩት ስምንት ናቸው፤ ውሃው በሚሸሽበት ፍጥነት ካሰላሁት ሰዎቹ ከመምጣታቸው በፊት ያልቃሉ።

እርጥብ እንጨት ጢሱ ብዙ ነው። ትናንት ገንፎውን ያበሰለችው በአሥራ አምስተኛውና በአሥራ አራተኛው ነው። ዓይኗን እየጠረገች አወጣችልኝ። በላን።

እናትሽ ደህና ናት። ሰላም ብላሻለች።

ሊስዋኒሶ